ዱ ቦይስ በበርሊን፦ ዕውቀት፣ ዕዳና የዘገየ ንቃት

የጭቁን ሕዝቦችን የትግል ታሪክ በሚያወሱ ጽሑፎች ውስጥ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ያጋጥመናል። ታጋዩ ከእናቱ ማሕፀን ነቅቶ፣ ወዳጁንና ጠላቱን ለይቶ፣ መስመሩን አጥርቶ የተወለደ ይመስል፣ ሕይወቱ ከድል ወደ ድል ብቻ ሲገሰግስ ይተረካል። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ለሟቹ ክብር የሚጨምር ይምሰል እንጂ ለአንባቢው የሚሰጠው ጥቅም የለም። ንቃተ ኅሊና እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን በኑሮ፣ በጥናት፣ በስሕተትና ስሕተትን በማረም የሚገኝ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥቁር አሜሪካዊው ሊቅ ዊልያም ኤድዋርድ በርግሃርት ዱ ቦይስ ለዚህ አባባል በቂ ምስክር ነው። ከ95 ዓመት ዕድሜው ውስጥ የምናተኩረው ገና በሃያዎቹ ሳለ በጀርመን አገር ባሳለፋቸው ሁለት ዓመታት ላይ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ዓይኑ ያየውን ልቡ በሚገባ እስኪረዳው ድረስ ብዙ አሠርት ዓመታት አልፈዋልና። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዱ ቦይስ የተወለደው ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1868፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ግሬት ባሪንግተን በምትባል አነስተኛ ከተማ ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አብቅቶ ባርነት በሕግ ከተሻረ ገና ሦስት ዓመት መሆኑ ነበር። አባቱ ልጁ ሕፃን ሳለ ቤቱን ጥሎ ስለ ሄደ ያሳደገችው እናቱ ነበረች። እርሷም ልጅዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በጨረሰ ማግሥት በ1885 አረፈች። የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ አዋጥተው በደቡብ አሜሪካ በናሽቪል ከተማ ወደሚገኘው ለጥቁሮች ወደ ተቋቋመው ፊስክ ዩኒቨርሲቲ ላኩት።

ደቡብን በዓይኑ ያየው ያን ጊዜ ነው። በክረምት ዕረፍቱ ሁለት ጊዜ ወደ ቴነሲ ገጠር ወርዶ የጥቁር ገበሬዎችን ልጆች አስተማረ። ትምህርት ቤት የተባለው ቀድሞ የበቆሎ ማከማቻ የነበረ የግንድ ጎጆ ነበር። የልጆቹ ወላጆች በሕግ ነፃ ቢወጡም መሬት ስላልተሰጣቸው ለቀድሞዎቹ ጌቶች በእኩልና በሲሶ ያርሱ ነበር። መኸሩ ሲሰበሰብ ከዕዳቸው የሚተርፍ አልነበራቸውም። አንባቢዎቻችን የጭሰኝነትን ምንነት ለማወቅ ወደ ቴነሲ መሄድ ስለማያስፈልጋቸው ነገሩን አናብራራም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ይህ ወጣት በ1888 ከፊስክ ሲመረቅ በምረቃው በዓል ላይ ንግግር ያደረገው ስለ ማን ነበር ቢባል፣ ስለ ጀርመኑ መራሔ መንግሥት ስለ ቢስማርክ ነበር። የተበታተኑትን የጀርመን ግዛቶች አንድ ያደረገው ሰው ለተበታተነው የጥቁር ሕዝብ አርአያ ሊሆን ይችላል ብሎ አመነ። አንድነቱ በደምና በብረት ለማን ጥቅም እንደ ተገነባ ግን አልጠየቀም። ያስተማሩት መምህራንም እንዲጠይቅ አላዘጋጁትም።

ከፊስክ ወደ ሃርቫርድ ተሻግሮ በ1890 የመጀመሪያ፣ በ1891 ደግሞ የማስተርስ ዲግሪውን ተቀበለ። በዚያ ዘመን የላቀ ምርምር ለማድረግ የሚሻ አሜሪካዊ ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ነበር። ዱ ቦይስም ይህንኑ ተመኘ፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። በዚህ መካከል ስሌተር ፈንድ የሚባለው ለጥቁሮች ትምህርት የተቋቋመ ድርጅት ሊቀ መንበር የነበረው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ራዘርፎርድ ሄይስ፣ ወደ አውሮፓ ለመላክ የሚበቃ ጥቁር ወጣት እንዳልተገኘ መናገሩ በጋዜጣ ወጣ። ሄይስ ማን እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። በ1877 ሥልጣን ሲይዝ የፌዴራሉ ጦር ለጥቁሮች መብት ጥበቃ ማድረጉን አቁሞ የደቡብ ጥቁሮች ለቀድሞ ጌቶቻቸው የተተዉት በእርሱ ዘመን ነው። በ1890 ደግሞ ከእነዚያው ሕዝብ መካከል ብቁ ሰው ጠፋ አለ።

ዱ ቦይስ ዝም አላለም። አመለከተ፤ ዕቅዱ ተሰርዟል የሚል መልስ መጣለት። እንደ ገና ጻፈ። በዚህኛው ደብዳቤው ሄይስ ጥቁሩን ሕዝብ ይቅርታ ሊጠይቅ እንደሚገባው ፊት ለፊት ገለጸ። ከመምህራኑም የድጋፍ ደብዳቤ አሰባስቦ ላከ። በመጨረሻም በ1892 ድርጅቱ 750 ዶላር ፈቀደለት፤ ግማሹ ስጦታ፣ ግማሹ ከነወለዱ የሚመለስ ብድር ነበር። ወጣቱ በደስታ ወደ ሱቅ ሮጦ ከዚያ በፊት ይገዛ ከነበረው አራት እጥፍ በሚሆን ዋጋ በሦስት ዶላር አንድ ሸሚዝ ገዛ። ይህችን ወጪ ሽማግሌ ሆኖም አልረሳትም፤ እኛም አንነቅፈውም።

በ1892 በጋ ላይ መርከቡ ሮተርዳም ወደብ ደረሰ። ከዚያም በራይን ወንዝ በጀልባ ወደ ጀርመን ተጓዘ። በጀልባዋ ላይ አንዲት ሆላንዳዊት እመቤት ከሦስት ሴት ልጆችዋ ጋር ተሳፍራ ነበር። ወጣቱ እነርሱን ሲያይ እንደ ልማዱ ወደ ሌላው ጠርዝ ሸሸ። በአገሩ ጥቁር ወንድ ከነጭ ሴት አጠገብ መታየቱ ሊያስከትል የሚችለውን ያውቃልና። ሴትዮዋ ግን ራስዋ ወደ እርሱ መጥታ አነጋገረችው፤ ጥቂት ሳይቆይም ከልጆቹ ጋር ይጫወትና ይዘምር ጀመር። ነገሩ ተራ የመንገድ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በያለበት ሥፍራውን እየለካ ለኖረ ሰው፣ የለመደውን ሸክም ለአንድ ቀን አውርዶ መሬት ላይ የማስቀመጥ ያህል ነበር።

ቋንቋውን ለማጥናት የተቀመጠው በአይዜናህ ከተማ፣ በአንድ ቄስ ቤት በእንግድነት ተከራይቶ ነው። ከተማዋ ሁለት ታላላቅ ትዝታዎች አሉዋት። ማርቲን ሉተር አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ የተረጐመው ከከተማዋ በላይ ባለው የቫርትቡርግ አምባ ተሸሽጎ ነው። በ1869 ደግሞ አውጉስት ቤበልና ዊልሄልም ሊብክኔሕት የሶሻል ዴሞክራቲክ ሠራተኞች ፓርቲን የመሠረቱት በዚችው ከተማ ነበር። ወጣቱ ከመጀመሪያው ትዝታ ጋር በየቀኑ ይገናኝ ነበር፤ ሁለተኛውን የሚያስታውሰው ግን በቄሱ ቤት አልነበረም።

በዚያ ቤት ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ገበታ በላ፤ በከተማው የጭፈራ ምሽት ላይ ከወጣት ሴቶች ጋር ጨፈረ። ከቄሱ ልጅም ጋር ተዋደዱ። እርሷ ለማግባት ፈቃደኛ ነበረች። እርሱ ግን ወደ አሜሪካ ይዞአት ቢመለስ በእርሷም በራሱም ላይ ምን እንደሚደርስ፣ ለሕዝቡ ሊሠራ ያሰበውም ሥራ ምን እንደሚሆን አስቦ ተወው። በቤቱ ያረፈች አንዲት አሜሪካዊት የፕሮፌሰር ሚስት ይህ ሁሉ አልተዋጠላትም፤ የአገርዋን ሕግ በሻንጣዋ ይዛ የመጣች ይመስል በጥቁሩና በነጩ መቀራረብ እጅግ ታወከች። ዘረኝነት ፓስፖርት ሳይጠየቅ ባሕር ይሻገራል።

በመጸው ወደ በርሊን ገባ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። የቦርሲግ ሎኮሞቲቭ ፋብሪካና የሲመንስ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ከየገጠሩ የሚፈልሰውን ድኃ ይሰበስቡ ነበር። ሠራተኛው ብርሃን በማይገባባቸው የውስጥ ግቢዎች ዙሪያ በተደራረቡ የኪራይ ቤቶች ታጭቆ ይኖር ነበር። ዱ ቦይስ ኦራንየንሽትራሰ በሚባለው ጎዳና ላይ አንድ ክፍል ተከራየ፤ ሣንቲሙን እየቆጠረ በላ፤ ከዚያው ቆጥቦ ርካሽ መቀመጫ እየገዛ ቴያትርና ኦፔራ ተመለከተ። የፍሪድሪሽ ዊልሄልም ዩኒቨርሲቲ ሲመዘገብ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ስመ ጥሩው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ ነበር። ካርል ማርክስ ከ1836 ጀምሮ ሕግና ፍልስፍና ያጠናው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በጉስታቭ ሽሞለርና በአዶልፍ ቫግነር ሥር የተሰጠው ትምህርት ለሕይወቱ ሁሉ ስንቅ ሆነው። ሽሞለር ተማሪዎቹን የሚያስተምረው አስቀድሞ መደምደሚያ ይዞ ማስረጃ መፈለግን ሳይሆን፣ ደመወዙን፣ የቤት ኪራዩን፣ የመሬት ይዞታውን፣ የመዝገቡን ቁጥር አንድ በአንድ ሰብስቦ ከዚያ በኋላ መናገርን ነበር። እነዚህ መምህራን በዘመኑ የመምህር ወንበር ሶሻሊስቶች እየተባሉ ይዘለፉ ነበር። ሶሻሊስቶች ግን አልነበሩም። የሠራተኛውን ችግር ያዩ፣ መድኃኒቱንም ከካይዘሩ መንግሥት እጅ የሚጠብቁ የጥገና ለውጥ ሰዎች ነበሩ። ያም ሆኖ የቁጥር ጥናት በጥቁሩ ሕዝብ እጅ ሲገባ የጦር መሣሪያ እንደሚሆን ዱ ቦይስ ወዲያው ተረዳ። የአሜሪካ ዘረኞች በጥቁሩ ላይ የሚያወሩት ሁሉ ያለ ማስረጃ ነበርና። ለዶክትሬቱም በደቡብ አሜሪካ ከ1840 እስከ 1890 ስለ ነበረው የትልልቅና የትንንሽ እርሻዎች አሠራር የሚያጠና ጽሑፍ ጀመረ። የበቆሎ ማከማቻው ትምህርት ቤት ልጆች አባቶች በዚህ መንገድ በርሊን ገቡ።

ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ዱ ቦይስ በበርሊን እንደ ሰው ተቆጠረ። በምግብ ቤት አልተባረረም፤ በባቡር ተለይቶ እንዲቀመጥ አልታዘዘም፤ ተማሪ ነውና እንደ ማንኛውም ተማሪ ባርኔጣ ተነሣለት። ጓንትና ከዘራ ያዘ፤ ጺሙንም በካይዘሩ አምሳል አሳደገ። ካይዘር ዊልሄልም 2ኛ በፈረስ ላይ ሆኖ በብራንደንቡርግ በር ሲያልፍ ልቡ ዘለለ። የሰልፉን ኮቴ፣ የብረት ቁሩን ብልጭታ ወደደ። ለእርሱ መልካም የሆነችለት አገር ለዓለምም መልካም መሰለችው።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። እርሱ ከመድረሱ ሰባት ዓመት በፊት፣ ከኖቬምበር 1884 እስከ ፌብሩዋሪ 1885፣ የአሥራ አራት መንግሥታት መልእክተኞች በዚያችው በርሊን በቢስማርክ ጋባዥነት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በአፍሪካ ላይ ይዞታ የሚያዝበትን ደንብ ተስማምተዋል። ከአፍሪካውያን መካከል አንድም ሰው አልተጠራም። ካሜሩን፣ ቶጎ፣ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካና ምሥራቅ አፍሪካ በጀርመን ሰንደቅ ዓላማ ሥር የወደቁት በእነዚያ ዓመታት ነው። በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ከ1904 እስከ 1908 በሄሬሮና በናማ ሕዝብ ላይ የዘር ፍጅት የፈጸመው ጦር፣ ወጣቱ ሲሰለፍ እያየ የተደሰተበት የዚያው ካይዘር ጦር ነበር። የአፍሪካ ልጅ የአፍሪካን መቀራመት ባስተናገደው ሰው ስም ንግግር አድርጎ፣ በከተማውም ጎዳና በደስታ ተመላልሷል። ዱ ቦይስ ራሱ በሽምግልናው ይህን ጊዜ ሲያስታውስ፣ በአስተሳሰቡ አውሮፓዊና የኢምፔሪያሊዝም ደጋፊ እንደ ነበረ ሳይሸሽግ ጽፏል።

ምልክት አላጣም ነበር። የታሪክ ፕሮፌሰሩ ሃይንሪሽ ፎን ትራይችከ በ1879 በአይሁድ ላይ የጻፈው ጽሑፍ የዘር ጥላቻን በተማሩ ሰዎች ዘንድ ክብር ያሰጠ ሰው ነው። ዱ ቦይስ ወደ አዳራሹ እየገባ ያዳምጠው ነበር። አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ ስለ አሜሪካ ሲያስረዳ ወደ ክልሶች ነገር ዞረና የበታች መሆናቸውን፣ እነርሱም የበታችነታቸውን እንደሚያውቁት በጩኸት ተናገረ። በአዳራሹ ውስጥ የነበረው ብቸኛ ክልስ ዱ ቦይስ ነበር። ጣት የተቀሰረበት ያህል ተሰማው፤ ፕሮፌሰሩ ግን መኖሩን እንኳ ያወቀ አይመስልም። ዱ ቦይስ ይህን የአንድ ሰው ክፋት አድርጎ አሳለፈው። የአንድ ሰው ክፋት ሳይሆን የአንድ መንግሥት አስተሳሰብ በአንድ አፍ ሲናገር መሆኑን ለመገንዘብ ጊዜ አስፈልጎታል።

ሠራተኛውስ? ቢስማርክ በሶሻሊስቶች ላይ ያወጣው የእገዳ ሕግ ከ1878 እስከ 1890 ሠርቶ ገና መሻሩ ነበር። መራሔ መንግሥቱ በአንድ እጁ ፓርቲውን እየቀጠቀጠ በሌላው እጁ በ1883 የሕመም፣ በ1884 የአደጋ፣ በ1889 የእርጅና መድን ሕግ አውጥቶ ሠራተኛውን ለማባበል ሞክሯል። ሠራተኛው መድኑን ተቀበለ፤ ድምፁን ግን ለቢስማርክ አልሰጠም። በጁን 1893 በተደረገው የራይሽታግ ምርጫ ሶሻል ዴሞክራቶች ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅና 44 መቀመጫ አገኙ። ዱ ቦይስ ይህ ሁሉ ሲሆን እዚያው ነበር። በፓርቲው ስብሰባዎች ላይ ተገኝቷል፤ ስለ ጀርመን ፖለቲካም ጥናት ጽፏል፤ ራሱንም እንደ ሶሻሊስት መቁጠር ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ከአዳራሹ ሲወጣ መንገዱ ከሠራተኛው መንገድ ይለያይ ነበር። በጀርመን አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆን ራሱን የቻለ የመደብ ማዕረግ ነውና፣ ያ ማዕረግ ከሠራተኞች ጋር ሊኖረው ይገባ የነበረውን ቅርበት እንዳሳጣው በኋላ ዘመኑ በጸጸት ተናግሯል። ጓንቱ ከውርጭ ብቻ አልነበረም የለየው።

በፌብሩዋሪ 1893 ሃያ አምስተኛ ዓመቱን የሞላው በዚያችው ብቸኛ ክፍል ነው። በዋዜማው ሌሊት ሻማ አብርቶ፣ ዘይትና የግሪክ ወይን አዘጋጅቶ፣ ዘምሮና ጸልዮ፣ የእናቱን ስም አስታውሶ ብቻውን በዓል አደረገ። በማስታወሻ ደብተሩም በሳይንስና በሥነ ጽሑፍ ስም አትርፎ ሕዝቡን ከፍ እንደሚያደርግ ቃል ገባ። ድርጊቱ ለዛሬ አንባቢ ትንሽ ሊያስፈግግ ይችላል። ስም ማትረፍን ከሕዝብ ነፃነት ያስቀደመበትም አነጋገር ሳይበስል የተነገረ ነው። ቃሉን ግን አላጠፈም።

በዕረፍት ወራት ወደ ደቡብ ጀርመን፣ ወደ ጣሊያን፣ ወደ ቪየናና ወደ ቡዳፔስት ተዘዋወረ። ከጉዞዎቹ ሁሉ የሚልቀው ግን ወደ ክራኮቭ ያደረገው ነው። በበርሊን አብሮት ይማር የነበረው ፖላንዳዊ ስታኒስላቭ ኤስትራይኸር፣ የዘር ጭቆና በቀለም ብቻ እንደማይወሰን፣ ፖላንዳውያንም በገዛ ምድራቸው በባዕዳን ሥር እንደሚማቅቁ ነግሮ መጥተህ እይ አለው። ሄዶም አየ። በጋሊሺያ አንዲት ትንሽ ከተማ በምሽት ሲደርስ ባለ ጋሪው ከእግር እስከ ራሱ ተመልክቶ ከአይሁዶች ዘንድ ማደር ይፈልግ እንደ ሆነ ጠየቀው። ዱ ቦይስ ግራ ተጋብቶ እሺ አለና ከዋናው መንገድ ራቅ ባለች ጠባብ ጎዳና ወዳለች የአይሁድ ማደሪያ ተወሰደ። በዚያ ምድር ለእርሱ የሚሆነው መኝታ ከማን ጋር እንደ ሆነ ባለ ጋሪው በአንድ እይታ ወስኗል። የተናቁት እርስ በርስ እንደሚመደቡ ያኔ በእግረ መንገድ ቀመሰው። ኤስትራይኸር በኋላ የታወቀ የሕግ ታሪክ ሊቅ ሆነ፤ ናዚዎች በኖቬምበር 1939 የክራኮቭን መምህራን ለቅመው ሲወስዱ እርሱም ተወስዶ በዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሞተ።

ስሌተር ፈንድ ድጎማውን ለሁለተኛ ዓመት አድሶለት ነበር። የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለዶክትሬት ፈተና ከመቅረቡ በፊት ተጨማሪ የትምህርት ወራት እንዲሞላ ጠየቀ። ሽሞለር ጽሑፉን ወድዶ ቢደግፈውም ሕጉ አልተነሣለትም። ዱ ቦይስ ድርጅቱ ጥቂት እንዲጨምርለት ለመነ፤ ድርጅቱ እምቢ አለ፤ ትምህርቱን በሃርቫርድ ቢጨርስ ይሻለዋል ተባለ። አንድ ሊቅ ለማውጣት የጎደለው የጥቂት ወራት ቀለብ ነበር። የለገሱት ሰዎች በሚሊዮን የሚቆጠር ሀብት ሲያንቀሳቅሱ፣ ጥቁሩ ተማሪ ግን ምን ያህል መማር እንደሚበቃው የሚወስኑት እነርሱ ነበሩ። በ1894 ዲግሪውን ሳይዝ፣ ዕዳውን ይዞ፣ በመርከብ ሦስተኛ ማዕረግ ከስደተኞች ጋር ታጭቆ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ያገኘው ሥራ በኦሃዮ በዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ግሪክኛና ላቲን ማስተማር ነው። ከበርሊን ያመጣውን የኅብረተሰብ ጥናት ላስተምር ቢል አልተፈቀደለትም። የበርሊን ከዘራና ጓንቱ በኦሃዮ ጭቃ ውስጥ ምን ያህል ሆድ እንዳራቀው ራሱ ኋላ ላይ በፌዝ አስታውሷል። በ1895 ሃርቫርድ ዶክትሬት ሰጠው፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ይህን ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። የበርሊን ትምህርቱ ፍሬ የታየው ግን በፊላደልፊያ ከተማ ሰባተኛ ቀበሌ ነው። በ1896 እና በ1897 ከበር በር እየዞረ፣ ከዘጠኝ ሺህ በላይ ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሠፈር ኪራዩን፣ ደመወዙን፣ ሥራ አጥነቱን፣ ሞቱን መዘገበ። ከሺህ የሚበልጡ ቤቶችን በር ያንኳኳው ራሱ ነው። በ1899 የታተመው መጽሐፍ የጥቁሩ ድኅነት ከተፈጥሮው ሳይሆን ከሥራና ከደመወዝ መነፈግ እንደሚመነጭ በቁጥር አሳየ።

በዚያው በ1899 ኤፕሪል በአትላንታ አቅራቢያ ሳም ሆዝ የተባለ ጥቁር የጉልበት ሠራተኛ በነጭ መንጋ ተሠቃይቶ ተቃጠለ። ዱ ቦይስ ማስረጃውን በሰከነ ቋንቋ ጽፎ ወደ አንድ ጋዜጣ ቢሮ በእግሩ ሲሄድ የሟቹ የጣት አጥንቶች በሱቅ መስኮት ለዕይታ መቀመጣቸውን ሰማ። ከመንገዱ ተመለሰ። ሰዎች እንዲህ እየተገደሉ ቁጥር ብቻ መሰብሰብ እንደማይበቃ ያን ቀን ወሰነ። ከዚያ በኋላ ያለው ትግሉ፣ ማለት የ1905ቱ የናያጋራ ንቅናቄ፣ በ1909 የተመሠረተው የጥቁሮች መብት ማኅበር፣ ለሃያ አራት ዓመት ያዘጋጀው ክራይሲስ መጽሔት፣ የፓን አፍሪካ ጉባኤዎች፣ በብዙ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ አንዘረዝረውም።

የበርሊኑን ስሕተት ያረመበትን ግን ማለፍ አይቻልም። በሜይ 1915 አውሮፓ በጦርነት ስትነድ አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ የጦርነቱ ሥር ያለው በአፍሪካ መሆኑን አስረዳ። የአውሮፓ ባለ ሀብቶች የራሳቸውን ሠራተኛ ከቅኝ ግዛት በሚዘረፈው ትርፍ ፍርፋሪ እያባበሉ ለዘረፋው ተባባሪ እንዳደረጉት ተነተነ። የቢስማርክ መድንና የቢስማርክ ጉባኤ የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽታ መሆናቸው በመጨረሻ ታየው። ይህም ሆኖ በ1918 ጥቁሩ ሕዝብ ቅሬታውን ለጊዜው ትቶ ከአሜሪካ የጦር ዘመቻ ጎን እንዲሰለፍ በመጻፉ ብዙ ጓደኞቹ ተቆጥተውበታል፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነበር። የሰው ንቃት በቀጥታ መስመር አይሄድም።

ስለ ኢትዮጵያ ያለውን ብናነሣ ከጉዳያችን አንወጣም። በ1913 በኒው ዮርክ ያሳየው፣ በኋላም በሌሎች ከተሞች የተደገመው የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ታላቅ ትርኢት የኢትዮጵያ ኮከብ የሚል ስም ነበረው። ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት በኦክቶበር 1935 ደግሞ ፎሪን አፌርስ በተባለው መጽሔት ላይ ወረራው በዓለም ጥቁርና ቀለማም ሕዝቦች ዘንድ የሚያስከትለውን ቁጣ ገለጸ። ወጣቱ ቢስማርክን ያደነቀበት ያ አመለካከት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ተሟጦ አልቋል።

በ1936 ዱ ቦይስ በስልሳ ስምንት ዓመቱ እንደ ገና ወደ ጀርመን ሄደ። አገሪቱ በሂትለር እጅ ነበረች። ወራት ቆየ፤ በግሉም ክፉ ነገር አላጋጠመውም፤ እንዲያውም በትሕትና እንደ ተስተናገደ ራሱ መስክሯል። አርባ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ይህ ትሕትና በበቃው ነበር። አሁን ግን አልበቃውም። ከአገሪቱ እንደ ወጣ በአይሁዶች ላይ የሚፈጸመው ጥቃት በጭካኔው ከስፔን የሃይማኖት ችሎትና ከአፍሪካ የባሪያ ንግድ ጋር የሚወዳደር መሆኑን በጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ጻፈ። እርሱን ባርኔጣ አንሥቶ የተቀበለ መንግሥት ጎረቤቱን ምን እንደሚያደርገው ተመልክቶ መፍረድን ተምሯል። የክራኮቭ ጓደኛውና የጋሊሺያው ባለ ጋሪ ያሳዩት ነገር በዚህ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ። በ1949 በፍርስራሹ ዋርሶ ቆሞ የአይሁዶች ግቢ የነበረውን ባዶ ሜዳ ሲያይ ደግሞ የጥቁሩን ጥያቄ ለብቻው አጥሮ ማየት እንደማይቻል የበለጠ ገባው።

የገዛ አገሩ ግን ሽማግሌነቱን አላከበረም። ለሰላም በመሥራቱ በ1951 በሰማንያ ሦስት ዓመቱ የባዕድ አገር ወኪል ነህ ተብሎ በካቴና ፍርድ ቤት ቆመ፤ ማስረጃ ጠፍቶ በነፃ ተለቀቀ። ፓስፖርት ግን ለዓመታት ተከለከለ። በ1958 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ሰው ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ መንገዱ ሲከፈትለት ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በኖቬምበር 1958 በጀርመን ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በምሥራቅ በርሊን፣ የፍሪድሪሽ ዊልሄልም ዩኒቨርሲቲ የነበረውና ከ1949 ጀምሮ ሁምቦልት የተባለው ያው ዩኒቨርሲቲ፣ በኢኮኖሚ ሳይንስ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ጥቂት ወራት ጎድሎህ አትፈተንም ከተባለ ስልሳ አራት ዓመት አልፎ ነበር። ትራይችከ ያስተማረበት ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ የዘጠና ዓመቱ ሽማግሌ ካባውን ደርቦ ተቀበለ።

በኦክቶበር 1961 የአሜሪካ ኮሙኒስት ፓርቲ አባል ለመሆን አመልክቶ፣ በዚያው ወር በክዋሜ ንክሩማ ግብዣ ወደ ጋና ሄደ። የአፍሪካን ኢንሳይክሎፔዲያ ማዘጋጀት ጀመረ። ሥራው ብዙም ሳይራመድ በኦገስት 27 ቀን 1963 በአክራ አረፈ። በማግሥቱ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ለመብት በዋሽንግተን አደባባይ ሲሰለፍ ሞቱ በድምፅ ማጉያ ተነገረ፤ ሰልፈኛውም ለአንድ አፍታ ዝም አለ።